የጋፋቱ ደወል

ሰው ገድሎ፣ ሬሳው እግሩ ሥር እያለ፣ ቆሞ ሽቦ የሚቀጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ግድም ጋፋት ስደርስ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ጥያቄ ነበር። መልሱን አላውቅም ነበር። ጥያቄውን በሆዴ ይዤው ብቀር ኖሮ አራት ሰዎች ባልታሰሩ። እኔ ግን ጮክ ብዬ፣ ያውም በጣልያንኛ ጠየቅሁት።

የጦሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰርጀንቴ ቤርቶ በአምስተኛው ምሰሶ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ደሙ በሐዲዱ ብረት ላይ ረግቷል። መሰላሉ እግሮቹ ላይ ወድቋል።

«ከመሰላል ወደቀ» አለ ካፒቴን ሳልቪ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። «ምስኪን። ሐዲዱ መታው።»

«አይመስለኝም» አልሁ።

«ለምን?»

ወደ ሽቦው ጠቆምሁ። ሽቦው ከአራተኛው ምሰሶ ወደ አምስተኛው ሲሻገር በሰው ደረት ቁመት ያልፋል። መሰላሉ ሲወድቅ በጥሶታል፤ የተጣመመ ቁራጩ እስካሁን በመሰላሉ እርከን ላይ ተጠምጥሞ አለ። ሽቦው ግን አሁን ሙሉ ነው።

«ወድቆ የሞተ ሰው ሽቦ አይቀጥልም» አልሁ። «ደግሞ እሱ ቢሆን በናስትሮ፣ በሽቦ መጠቅለያው ሙጫማ ጥብጣብ፣ ይጠቀልለው ነበር። ናስትሮው ኪሱ ውስጥ ነው። ይህ የታሰረው በክር ነው። ሰው ገድሎ ሽቦ የሚቀጥል ማን ነው?»

ካፒቴኑ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። ከዚያ ዘበኛውን አስጠራ።

ዘበኛው አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ከጉብታው ላይ ካለው የዘብ ቤት ወርዶ መጣ። አራት ሰዓት ላይ በዘብ ቤቱ ያለው የሽቦው ደወል ጮኸ አለ። ጠመንጃውን አንስቶ ከቤት ሳይወጣ ደወሉ ዝም አለ። ሰርጀንቴው እየሞከረ መስሎት ተመልሶ ተቀመጠ።

«ደወሉን የሚያውቅ ማን ነው?» አለኝ ካፒቴኑ።

«ፈቃደኞቹ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «እስከ ቅዳሜ ቀትር አንድ ስም አምጣልኝ። አንድ ስም ካላመጣህ አራት ስም አለኝ።»

*

ስለዚህ ቦታ ማስረዳት አለብኝ።

ካፒቴን ሳልቪ ባቡር የሚወድ ሰው ነው። አባቱ በአገሩ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበር ይባላል። ጋፋት የቴዎድሮስ ብረት የቀለጠበት ቦታ መሆኑን የሰማ ዕለት፣ በዚያው ሥፍራ ሙዚየም ካልከፈትሁ አለ። ገበሬው እያረሰ የሚያገኘውን የብረት ዝቃጭ ሰብስቦ በመስታወት ሣጥን አኖረ። ከጎኑ ለመንገድ ሥራ የመጡ ሁለት የድንጋይ ፉርጎዎችን አቆመ። ከፉርጎዎቹ ፊት አራት መቶ እርምጃ የሚያህል ሐዲድ አነጠፈ። መጨረሻው ላይ አምስተኛው፣ ቀይ የእንጨት ክንድ ያለው ረጅም ምሰሶ፣ ተተከለ። ክንዱ ሲነሳ ፉርጎው ይሄዳል፤ ሲወድቅ ይቆማል። ከሐዲዱ ውጭ የሚሄድበት የለም።

ጄኔራሉ በሚመጣው ሐሙስ ሊመርቀው ነው።

ሽቦውን የዘረጉት ፈቃደኞች ይባላሉ። ፈቃዳቸው እንዲህ ነው፦ ካፒቴኑ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው፣ ከገበሬ ሁለት፣ ከከተማ አንድ «በፈቃዱ የሚሠራ» ይምጣ ብሎ አዘዘ፤ መጡ። ጭንቅ የገባኝ ሰርጀንቴው ዘዴውን ያስረዳኝ ዕለት ነበር። ሽቦው ሙሉ ሲሆን ደወሉ ዝም ይላል። ሰው ገብቶ ሽቦውን ሲበጥስ ይጮኻል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሳለ ያ ጸጥታ ራሱ የታሰረ ነገር ነው።

እኔ ንዋይ እባላለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ በመርከብ ተሳፍሬ አሥራ አራት ዓመት በቤይሩትና በሊዮን ተማርሁ። የወንጀል ምርመራ ነው የተማርሁት፤ የጣት አሻራ፣ የደም ጠብታ፣ የጫማ ዱካ። ጣልያንኛም እዚያው ለመድሁ። በ1927 ዓ.ም. አገሬን ላገለግል ተመለስሁ፤ በዓመቱ አገሬ ተያዘች። አባቴ ወደ ተወለደበት ወደ ደብረ ታቦር ሸሽቼ አክስቴ ቤት ተደበቅሁ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ጣልያን ሾፌርና አንዲት ባለ ዶሮ ሲጣሉ ገብቼ አስተረጎምሁ። ካፒቴኑ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የአገሬው ጉዳይ መርማሪ» ነኝ። የከተማው ሰው ሰላም ስለው ጎንበስ ብሎ መንገድ ይሻገራል። ጣልያኖቹ ደግሞ ስልክ ባለበት ክፍል ብቻዬን አይተዉኝም።

ማክሰኞ «አይመስለኝም» ያልሁት እውነቱ እንዲወጣ ነው ወይስ ተምሬ መምጣቴ እንዲታወቅልኝ? ይህንንም አላውቅም።

*

ረቡዕ ጧት አራቱን በሙዚየሙ፣ በፉርጎዎቹ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ታስረው አገኘኋቸው። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ብርዱ ከቆርቆሮው ሥር እየገባ ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

ሙላቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሰባት ዓመት የሠራ፣ ክንዱ ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጌጡና ፈንታሁን የጋፋት ገበሬዎች፣ ወንድማማቾች ናቸው። አራተኛው መሪጌታ ተክሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከተማሪዎቿ አንዱን እንድትሰጥ ስትታዘዝ እሳቸው «ልጆቹ ይማሩ» ብለው ራሳቸው መጡ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ብራና ይፍቃሉ፣ መጽሐፍ ይጠርዛሉ።

«ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የት ነበራችሁ?» አልሁ።

«ከድንጋዩ ጉድጓድ» አለ ጌጡ። «እኔና ወንድሜ ጠጠር ስንጭን።»

«ማን አያችሁ?»

«እሱ እኔን፣ እኔ እሱን» አለ ፈንታሁን።

ሙላቴ ሳቀ። «እኔን ደግሞ ሁለቱም አላዩኝም። ጻፈው።»

«የት ነበርህ?»

«እዚያው አካባቢ።»

«የት አካባቢ?»

«ሽንት ቤት በለው።»

«ሰኞ ዕለት ሰርጀንቴው በጥፊ መትቶሃል አሉ።»

«መትቶኛል። ድሬዳዋም ፈረንሳዩ ይመታኝ ነበር። በጥፊ ሰው የምገድል ብሆን ባቡሩ ሠራተኛ አይተርፈውም ነበር።»

ወደ መሪጌታ ዞርሁ። «እርስዎስ?»

«ቅዳሴ ላይ ነበርሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ማለዳ ገብቼ፣ አምስት ሰዓት ግድም ቅዳሴው ሲወጣ ወጣሁ። እዚህ ስደርስ ሰውየው ሞቶ ወታደሩ ከቦታል።»

ቤቱ ዝም አለ። ሙላቴ ጫማውን አየ። ወንድማማቾቹ ግድግዳውን አዩ። በሩ ላይ የቆመው የከተማው ዘበኛ እንኳ ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ።

«እውነት ነው?» አልሁ ሌሎቹን።

«እሳቸው ካሉ እውነት ነው» አለ ጌጡ።

ጻፍሁት። ከሁሉም የሚታመን ቃል እሱ መሰለኝ።

ሙላቴን ብቻውን ይዤ ወደ ሽቦው ወጣሁ። መቀጠያውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው፤ አፉም ከእሱ ቀደመ።

«ይሄ የባቡር ሰው እጅ አይደለም። እኛ በፒንሳ ጠምዝዘን ነው የምናጠብቀው። ይሄ ሰው ፒንሳ አልነበረውም፤ በጣቱ ነው ያጠመጠመው። ክሩን ግን እየው! ቋጠሮ የለውም። ጫፉን ከጥቅልሉ ሥር አስገብቶ ነው የሳበው። ሽቦ አያውቅም፣ ክር ግን…»

አቋረጠ።

«ክር ግን?»

«ምንም። ብርድ ነው። መልሰኝ።»

ከክሩ ጫፍ የጣት አንጓ የሚያህል ቆረጥሁ። ጥቁር ነው፤ በሰምና በእድፍ ደርቋል። በወረቀት ጠቅልዬ ያዝሁት።

*

ሐሙስ ጧት አንዲት ሴት ቢሮዬ በር ላይ ዘበኛውን በክርኗ ገፍታ ገባች። ጠላ ሻጯ ፈንታነሽ ናት።

«ጌታው፣ ሙላቴን ልትገድሉት ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አገር አለ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ እኔ ቤት ነበር። ጻፉት።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ይሄን ደግሞ ባሕር ማዶ አላስተማሯችሁም?»

ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ባልሽ ቢሰማስ?»

«ይስማ። ባሌን እመልሰዋለሁ፤ የሞተ ሰው ግን አልመልስም። ጎረቤቴ ሙሉ ሲገባ አይታዋለች፣ ሲወጣም አይታዋለች፤ ያቺ የማታየው የለ። እሷንም ጠይቁ።»

ሙሉን ጠየቅሁ። ሙላቴ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት እዚያ እንደነበር፣ ምን እንደለበሰና በስንተኛው ዋንጫ መዝፈን እንደጀመረ ነገረችኝ። የያዝሁት ብቸኛ ሰው ከእጄ ወጣ። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ፈራሁ። አንድ ስም አልነበረኝም፤ አራቱ ስሞች ግን ካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ክሩን ይዤ ልብስ ሰፊው አያሌው ዘንድ ሄድሁ። ገበያው ዳር በመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ይሰፋል። ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሳው፤ አሸተተው።

«ይህ የልብስ ክር አይደለም» አለ። «ሐር ነው። ሰውነት ላይ የኖረ ነው፤ ላብ ጠግቧል።»

«ምን ዓይነት ሐር? ማን ይገዛዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አልቆመም፤ ወደ አንገቴ ወረደና እዚያ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ክሩን ወረቀቱ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«የማውቀውን ረስቼዋለሁ፣ ጌታው። አርጅቻለሁ» አለና መኪናውን ማሽከርከር ጀመረ።

ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም።

*

ዓርብ ጧት አክስቴ እቴነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«እትዬ፣ ለእስረኞቹ ስንቅ ዛሬ ጧት ቢያደርሱላቸው?» አልሁ።

«ከሰዓት ቅዳሴ ስለምሄድ፣ ሲወጣ አደርሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል።»

«ከሰዓት? ቅዳሴ ጧት አይደለም እንዴ?»

እንዝርቱ ቆመ።

«በጾም?» አሉ። «ነቢያት ገብቶ? ቅዳሜና እሑድ ነው እንጂ በጧት፣ በአዘቦቱማ ቀን ሙሉ ተጹሞ ከቀትር በኋላ ነው የሚቀደሰው። ይህን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል፣ ንዋይ። ምን ምን ነው ያስረሱህ እዚያ?»

ግድግዳው ላይ ተደገፍሁ። መሪጌታ ተክሌ ቃላቸውን ሲሰጡ ቤቱ ለምን ዝም እንዳለ አሁን ገባኝ። ሦስቱ እስረኞች አውቀዋል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አውቋል። እሳቸውም እኔ እንደማላውቅ አውቀዋል። የደብረ ታቦር ሰው አንድም የማያምነውን ቃል እኔ ብቻ በቀለም ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ክሩን መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። አላሸተቱትም፤ ወደ ብርሃንም አላነሱትም።

«ማተብ ነው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሸሚዜን ከፈት አድርገው ባዶ አንገቴን ነኩ። «ያንተንስ ማን በጠሰው?»

መቀስ ነበር። መርከቡ ላይ አንድ ጢሙን የተላጨ መምህር በፈገግታ ቆረጠልኝ፤ ቅዝቃዜው አሁንም አንገቴ ላይ አለ። ለአክስቴ ግን ምንም አልመለስሁም።

*

ፉርጎዎቹ ቤት ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ።

«ጋቢያችሁን ዝቅ አድርጉ» አልሁ። «አንገታችሁን አሳዩኝ።»

ማንም አልጠየቀኝም። አራቱም ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት። አራት አንገት፤ አራቱም ባዶ።

«ማተባችሁ የት ሄደ?»

«ሌባ ገባ» አለ ሙላቴ። «ቁልፉ በእናንተ እጅ እያለ ምን ዓይነት ጥበቃ ነው? ልከስ ነው።»

ፈንታሁን ግን አልሳቀም። ጣቱን አንገቱ ላይ ባለው የነጣ ክብ ምልክት ላይ እያስኬደ ነበር። ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ፀሐይ ያላየው ቆዳ ነው።

«ሦስት ቀን ፈጀብህ» አሉ መሪጌታ። «ልጆች፣ ከእሱ ጋር ልነጋገር።»

ሦስቱ ከፉርጎው ማዶ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። እኔና እሳቸው መስታወቱ ሣጥን አጠገብ ቆምን።

«ለምን ገደሉት?»

«ሰውየው ደግ ነበር» አሉ። «ይህ ነው የከበደኝ። ‹ማኤስትሮ› ይለኛል። መምህር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። ያ ምሰሶ ረጅም ስለሆነ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ስንተክለው አራት ምንሽር በቆዳ ጠቅልለን ከሥሩ አኑረን ነበር። የጣልያን ምሰሶ ሥር ማን ይፈልጋል? አፈሩ ግን ልል ሆነና ዘመመ። ማክሰኞ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ መዝመሙን አየ። ‹ይነሳ፣ እንደገና ይተከል› አለኝ። ነገ እናደርገዋለን አልሁት። እሱ ነገ የሚል ሰው አልነበረም። ወርዶ ራሱ አካፋ ያዘ። ቆዳው ሲታይ ጎንበስ አለ። ጠጠር የምንደቀድቅበት ብረት በእጄ ነበር።»

መስታወቱን በመዳፋቸው ወለወሉ። ከውጭ የዘበኛው ጫማ ጠጠር ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

«መሰላሉ ወደቀ፣ ሽቦው ተበጠሰ። ደወሉ ከጉብታው ላይ ይጮኻል። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነው። ዘበኛው ከወረደ እነዚህ ልጆች አለቁ፣ አገሩም ይቃጠላል። ሽቦውን ገጠምሁት፤ ከእጄ ያመልጣል። ማሰሪያ ፈለግሁ፤ ምንም የለኝም። አንገቴን ዳሰስሁ።» ወደ እጃቸው አዩ። «ስልሳ አንድ ዓመት ያልፈታሁትን ፈታሁት። ከዚያ ጉድጓዱን ደፈንሁ፤ ሰውየውን አንጋልዬ ራሱን ከሐዲዱ አስጠጋሁ።»

«ለምን እኔን ዋሹኝ? እንዲህ ያለ ውሸት?»

«ከእኛ ወገን ብትሆን ውሸቱን ታውቅና ዝም ትላለህ። ካልሆንህ አታውቀውም። በሁለቱም መንገድ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነው።»

ከዚህ የበለጠ የመታኝ ቃል የለም።

«እኔን ስጠው» አሉ ቀጥለው። «በጸብ ገደልሁት በል።»

«ምን ዓይነት ጸብ እያሉ ሌሊትና ቀን ይጠይቅዎታል። ዝም ማለት ይችላሉ?»

አሰቡ። «አልዋሽህም። አፌን እስከየት እንደምችለው አላውቅም።»

መስታወቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዝቃጭ አየሁ። የእኔ ጥፋት በአንዲት ክር ላይ እንደተንጠለጠለች ያን ጊዜ ታየኝ። ካፒቴኑ ወደ ሽቦው ተጠግቶ አላየም። ክር ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከሬሳው ኪስ የወሰድሁት ናስትሮ እኔ ጋ ነው። ክሩ በናስትሮ ቢተካ ሰርጀንቴው ራሱ በጥሶ፣ ራሱ ቀጥሎ፣ ከዚያ ወድቆ የሞተ ይሆናል።

«ክሩን ብንፈታው ደወሉ ይጮኻል» አልሁ።

መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አይጮኽም። ከመቀጠያው ወዲህና ወዲያ ሌላ ሽቦ አስቀድሞ ይታሰራል፤ ከዚያ መካከሉ ቢፈታ ደወሉ አያውቅም። ሰውየው ነው ያስተማረኝ።»

*

ቀትር ላይ መሪጌታን ይዤ ወጣሁ። አስካሪው ከጉብታው ላይ አፍጥጦ ያየናል።

«የነበረበትን ቦታ እንዲያሳየኝ ነው!» ብዬ ጮህሁ። እጁን አነሳ።

ጀርባዬን ለዘብ ቤቱ ሰጥቼ ቆምሁ፤ መሪጌታ በእኔ ጥላ ውስጥ ሠሩ። ተጨማሪውን ሽቦ በግራ አሰሩ፤ በቀኝ አሰሩ። ከዚያ ክሩን መፍታት ጀመሩ። ዙሩ ብዙ ነው፤ በጥብቅ ተጠምጥሟል። ጥፍራቸው ብራና በመፋቅ ያለቀ ነው። እኔ የምሰማው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ትንፋሻቸውንና ከጉብታው ላይ የሚመጣውን ጸጥታ።

ክሩ ተፈታ። ደወሉ ዝም አለ። ክሩን መዳፌ ውስጥ አኖሩት፤ ሞቆ ነበር።

ናስትሮውን ጠቅልለው ተጨማሪውን ሽቦ ሲያነሱ ከጣታቸው አመለጠ። መቀጠያው ላላ። ከላይ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አጭር፣ እንደ ተቆረጠ ሳል።

«ማን ነው?» ብሎ አስካሪው ጠመንጃውን አነሳ።

«እኔ ነኝ!» አልሁ። «እኔ ነኝ፣ የምሞክረው!»

አገሬ ከገባሁ ጀምሮ ጮክ ብዬ «እኔ ነኝ» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጠመንጃው ወረደ። መሪጌታ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው እንደያዙ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

*

ቅዳሜ ካፒቴኑን ሽቦው ዘንድ ወሰድሁትና ናስትሮውን አሳየሁት።

«ተሳስቻለሁ» አልሁ። «በአቧራ ጠቁሮ ክር መሰለኝ። ሰርጀንቴው ሽቦውን ራሱ ቀጥሎ ተመልሶ ሲወጣ ወድቋል። ናስትሮውም ከኪሱ ወጥቶ የተመለሰ ነው።»

ለካ እሱም የሚፈልገው ይህን ነበር። ጄኔራሉ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ሙዚየሙ ውስጥ የተገደለ ሰርጀንቴ ማን ይፈልጋል? ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ።

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች» አለ። «ከዝንብ ዝሆን ታወጣላችሁ። ፍታቸው።»

ልቤ ማረፍ ሲጀምር ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። የሰርጀንቴው ናት፤ ማክሰኞ ዕለት እሱ ራሱ ከሬሳው ኪስ ወስዷት ነበር። ስለ ደብተሯ እስከዚያ ድረስ አልሰማሁም ነበር።

«የመጨረሻ ቃሉን ተመልከት» አለ። «‹አምስተኛው ዘሟል። ተነስቶ ይተከል።› ፈቃዱን እንፈጽምለታለን። ሰኞ ጧት የእኔ ወታደሮች ይቆፍሩታል። ፈቃደኞችህ አስተካክለው መትከል አልቻሉም።»

«ፈቃደኞቹ ቢያስተካክሉት…»

«ወታደሮቼ አልሁ።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት አክስቴ ቤት ተቀምጬ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ለማን እንደምልክ አላውቅም ነበር። ምንሽሮቹ የማን እንደሆኑ፣ ጫካ ያሉት ሰዎች በጣራ ገዳም በኩል ይሁኑ በሌላ አላውቅም። እንዲህ አልሁ፦

«ሰኞ ጧት አምስተኛው ይቆፈራል። ቀድማችሁ አንሱ። እኔንም ውሰዱኝ። የት እንደምጠብቃችሁ ላኩብኝ። ንዋይ።»

በመሪጌታ ማተብ ጠቅልዬ አሰርሁት። ቋጠሮዬ ያስጠላል። ወደ አክስቴ ሄድሁ።

«እትዬ፣ ይህን የሚያደርስ ሰው ያውቁ ይሆን?»

ለማን አላሉኝም፤ ምን ተጻፈበትም አላሉኝም። ተቀብለው ቋጠሮዬን ፈቱ፤ የክሩን ጫፍ ከጥቅልሉ ሥር አስገብተው ሳቡት። ደረታቸው ውስጥ ከተው ነጠላቸውን ለበሱ። ስለ ቅዳሴው የነገሩኝ በአጋጣሚ ነበር? ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ወጥተው ሄደዋል።

*

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የተፈቱት ፈቃደኞች ለምረቃው ሐዲዱን ሊያስጌጡ መጡ። ካፒቴኑ ራሱ ነው የፈቀደው፤ ምረቃው እንዲያምርለት ይፈልጋል። ሴቶች ከወንዙ ቄጠማ እያጨዱ ያመጣሉ፤ የደረቀውን መልሰው ይወስዳሉ። ሙላቴ አምስተኛው ምሰሶ ሥር ጠጠር እያስተካከለ ይዘፍናል። ጌጡና ፈንታሁን ዙሪያውን ቄጠማ ከምረው አጥር አስመስለውታል። አስካሪው ከላይ ሆኖ ያጨበጭባል።

እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች የደረቀ ቄጠማ በጀርባቸው አዝለው በፊቴ አለፉ። ሰባተኛዋ አክስቴ ናቸው። የደረቀ ሣር የተሸከመ ሰው እንደዚያ አይጎብጥም። እግራቸው በየእርምጃው መሬቱን ይጫናል፤ የአንገታቸው ሥር ተወጥሯል። «ላግዝዎ» ልል አልሁ፤ ዋጥሁት። አላዩኝም። ወይም እንዳላዩ ሆነው አለፉ።

ሰኞ ጧት አምስት ወታደሮች ምሰሶውን ነቅለው እስከ ወገባቸው ቆፈሩ። ካፒቴኑ አጠገቤ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። እኔ የአካፋውን ድምፅ እቆጥር ነበር። አፈር ወጣ፤ ጠጠር ወጣ፤ ከዚያ ድንጋይ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

«አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል» አለ ካፒቴኑ።

ሐሙስ ጄኔራሉ መጣ። ክንዱ ተነሳ፤ ፉርጎው አራት መቶ እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ሙላቴና ወንድማማቾቹ በገና ማግሥት ከአገር ጠፉ። መሪጌታ ተክሌ ለጥምቀት ታቦት ሲሸኙ ታይተው ነበር ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ቤታቸው ተዘግቷል። ካፒቴኑ ስለ ፈቃደኞቹ ሲጠይቀኝ ሥራው ስላለቀ ወደየቤታቸው ተመለሱ አልሁት። እኔን ወደ ሙዚየሙ አዛወረኝ። የመስታወቱ ሣጥንና የሽቦው ጠባቂ ሆንሁ፤ ከጉብታው ላይ ያለው አስካሪ አሁን የሚጠብቀው እኔንም ነው።

በየማታው አክስቴ ቤት ስገባ እጠይቃለሁ።

«ከዚያ መልእክት መልስ መጣ፣ እትዬ?»

«አልመጣም።»

«ደርሷል ግን?»

«የጻፍኸውን አንተ ታውቃለህ። ግማሹ መድረሱን በዓይንህ አይተሃል።»

ጾሙ ተፈታ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። ከሰዓት ቅዳሴ ሲደወል አሁን ሰዓቱን አውቃለሁ። ጧት ጧት ከአንደኛው ምሰሶ እስከ አምስተኛው እየሄድሁ ሽቦውን በጣቴ እዳስሳለሁ። ሙሉ ነው። ደወሉም ዝም እንዳለ ነው። ከጫካው በኩል ሰው ሲመጣ ባየሁ ቁጥር ባዶ አንገቴ እንዳይታይ ሸሚዜን እቆልፋለሁ፤ ቀረብ ሲል እንጨት የተሸከመ ገበሬ ይሆናል። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኝና መንገድ ይሻገራል።